ከግንቡ የወረዱ ዕለት

መርዶ በስልክ ሲመጣ ድምፁ ከሌላው መልእክት የተለየ አይደለም። «ጢን» ይላል፣ በቃ። በምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሶላ እያጠፍኩ ነበር። የምኖረው ኖርዌይ ውስጥ፣ ጠረፍ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። እዚህ ሰው ሰልፍ ሲቆም እንኳ በመካከሉ ሌላ ሰው የሚያስገባ ክፍተት ይተዋል። መጀመሪያ ስመጣ እንደ ኩራት ቆጥሬባቸው ነበር። አሁን ያሳርፈኛል።

የድምፅ መልእክቱ ከታናሽ እህቴ ከምሕረት ነው፣ ከአዲስ አበባ፣ ከሲግናል ሰፈር። ዕለቱ የደብራችን ንግሥ እንደሆነ አውቃለሁ። እማዬም ጉልበቷን ቢያማት፣ ሰማይ ቢደፋ፣ ታቦት በወጣበት ቀን ቤት እንደማትውል አውቃለሁ። ስከፍተው መጀመሪያ የሰማሁት የሰው ጫጫታ ነው፤ ቀጥሎ የምሕረት ትንፋሽ፤ ቀጥሎ «ሶስናዬ፣ አትደንግጪ እሺ» የሚል ቃል። እዚያ ላይ ተቆረጠ።

በእኛ ዘንድ «አትደንግጪ» ከተባለ ሰው ሞቷል ማለት ነው። አንሶላውን እንደታቀፍኩ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። «እመቤቴ፣ እናቴን» ከማለት በላይ አልወጣኝም። የማጠቢያው ማሽን ይዞራል፣ እኔ ስልኩን አያለሁ።

ሁለተኛው መጣ። «እማዬ ደኅና ናት፤ አጠገቤ ናት፤ ይኸው ሻይ እየጠጣች ነው። በሩ ላይ ትርምስ ተነሥቶ ነው። ሶስና… ቲቸር ጥጋቡ አረፉ። መሐል ገብተው ነው አሉ።»

«እማዬ ደኅና ናት» የሚለውን ሰምቼ አማተብኩ። «መሐል ገብተው» የሚለው ግን እስከ ዛሬ አለቀቀኝም። ቲቸር ጥጋቡ መሐል አይገቡም። ባወቅኳቸው ዘመን ሁሉ አንድም ቀን ሰው መሐል ገብተው አይቼ አላውቅም።

ቲቸር ጥጋቡ የካ ውስጥ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ አስተማሪያችን ነበሩ። ስማቸውና ሰውነታቸው አይተዋወቁም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮታቸው ገና መስቀያው ላይ ያለ የሚመስል። ወንዶቹ «ጥጋቡ የት ሄዶ ነው?» እያሉ ሲያሽሟጥጡ ይሰሙ ነበር። «አልሄደም፤ ገና እየመጣ ነው። ዝግመተ ለውጥ ጊዜ ይፈልጋል» ይሉና ጠመኔያቸውን ያነሣሉ።

የትም ሲገቡ መጀመሪያ የሚፈልጉት ሌላ በር ነው። ለቅሶ ቤት የሚቀመጡት ዳር፣ የድንኳኑ ሸራ በሚገለጥበት በኩል ነው። ሠርግ ላይ «ኧረ ጋሽ ጥጋቡ፣ ወደ መሐል ግቡ እንጂ!» ሲባሉ «ዳሩን የሚጠብቅ ከሌለ መሐሉም አይኖርም» ይላሉ፤ ሰውም «ይኸው ጀመራቸው» ብሎ ይስቃል። ሲያስቡ የቀኝ መዳፋቸው ጭናቸውን ይመታል። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ እንደ ጣሪያ ፍሳሽ፣ ሳይፈጥን ሳያቋርጥ። ፈተና ላይ ስንቀመጥ ያ ድምፅ ከኋላችን ይሰማናል። ያንን ምት እባካችሁ ያዙልኝ።

የዝግመተ ለውጥ ትምህርት የተጀመረ ቀን ገና ሳልገባ ፈርቼ ነበር። እኔ ሰንበት ትምህርት ቤት የማገለግል ልጅ ነኝ። የንስሐ አባታችን «ለፈተና ያዙት እንጂ ለልባችሁ አትስጡት» ብለውናል። የማተቤን ክር በጣቴ ጠምጥሜ ተቀመጥኩ። የክፍላችን አፈኛ ብሩክ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ እኛ ከዝንጀሮ ነው እንዴ የመጣነው?»

«የሌላውን እንጃ፤ አንተ ግን ከመገናኛ በታክሲ ነው የመጣኸው። ያውም አርፍደህ።»

ሁሉም ሳቀ። እሳቸው ግን ዞር ብለው ሰሌዳው ላይ አንዲት ነጥብ አደረጉ። «ይህች አንዲት የአንጎል ሕዋስ ናት እንበል። ታስባለች?»

«አታስብም!»

«ትፈራለች?»

«አትፈራም!»

«ትጸልያለች?»

መልስ ሳይጠብቁ ሰሌዳውን በነጥብ ሞሉት፤ ከነጥብ ወደ ነጥብ መስመር ሳቡ፣ ሰሌዳው የሸረሪት ድር እስኪመስል ድረስ። «አንዷም አታስብም፣ አንዷም አትፈራም። እልፍ ሆነው ሲነጋገሩ ግን ሶስና ትፈራለች፤ ሶስና ትጸልያለች። በሉ ንገሩኝ፣ ጸሎቱ በየትኛዋ ነጥብ ውስጥ ነበር?»

ስሜን በመጥራታቸው ደነገጥኩ። ይበልጥ የከፋው ግን ቤት ገብቼ ለጸሎት ስቆም ነው። «አባታችን ሆይ» ብዬ ጀመርኩና አፌ ተያዘ። አሁን ይህን የሚለው ማነው? እኔ ነኝ ወይስ ነጥቦቹ? ከዚያ በፊት የምፈራው ጨለማና የጅብ ድምፅ ነበር። ከዚያ በኋላ ዓይኔን ስጨፍን ከራሴ ውስጥ ያለው ነገር ያስፈራኝ ጀመር። በማግሥቱ በዕረፍት ሰዓት ከመምህራን ክፍል ደጃፍ ጠበቅኳቸው።

«ቲቸር፣ እግዚአብሔርስ?»

ቆም አሉ። «እኔ የምጠይቀው እንዴት እንደሆነ ነው፣ ሶስና። ዓይን ማንም ንድፍ ሳያወጣለት ጥቂት በጥቂት እንዴት ዓይን ሆነ? ሐሳብ ከማያስብ ነገር እንዴት ብቅ አለ? ማን ነው የሚለውን አንቺ ከእኔ በተሻለ ቦታ ትጠይቂያለሽ።»

«እርስዎስ? የት ነው የሚጠይቁት?»

መዳፋቸው ጭናቸው ላይ ጠብ፣ ጠብ አለ። «እኔ ገና በር ላይ ነኝ» አሉ።

የተናገሩትን ብቻ ሳይሆን ያደረጉብንንም አልረሳም። አንድ ቀን «ዓይናችሁን ጨፍኑና አጨብጭቡ፤ እያንዳንዳችሁ እንደ ፍላጎታችሁ» አሉን። መጀመሪያ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ የወረደ መሰለ። ጥቂት ቆይቶ ግን ጭብጨባው እየተጠጋጋ፣ እየተጠጋጋ ሄዶ አንድ ሆነ። ክፍሉ በሙሉ በአንድ እጅ የሚያጨበጭብ ይመስል ነበር። ደግሞም እየፈጠነ ሄደ። ለማዘግየት ሞከርኩ፤ እጄ እንቢ አለኝ። ዓይኔን ገለጥኩ። ሁሉም ያጨበጭባሉ፣ ፊታቸው ላይ ፈገግታ አለ። እኔ ብቻዬን ብርድ ብርድ አለኝ።

«በቃ!» አሉ። «ማነው ያዘዛችሁ?»

«እርስዎ ነዎታ፣ ቲቸር!» አለ ብሩክ።

«እኔማ እንደ ፍላጎታችሁ ነው ያልኳችሁ። አንድ ላይ ያለ ሰው አለ? ፍጠኑ ያለ ሰው አለ?» የለም። «ብልኃት የሚቀመጠው በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ በሰውና በሰው መካከልም ይቀመጣል። መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ታውቃላችሁ፤ አለቃ የለውም፣ ግን ተራ ያስከብራል፣ ነፍሰ ጡር ያስቀድማል። ጥሩ። ዝናብ መጥቶ አንዲት ታክሲ ብቻ ስትደርስስ?»

«መገፋፋት!»

«ሰዎቹ ተለወጡ?»

«ኧረ እነዚያው ናቸው።»

«እነዚያው ናቸው» አሉ ቀስ ብለው። «ሞኝነትም በመካከላችን ነው የሚቀመጠው። ልጆች፣ ክፉ ሰው ሳይኖር ክፉ ነገር ይሆናል። እኔ በዓለም ላይ የምፈራው ይህን ነው።»

እኔ ያደግኩት ከክፉ ነገር ጀርባ አንድ ስም አለ ተብዬ ነው። ስም ያለውን በመስቀል ይገሥጹታል፣ ጠበል ይረጩበታል። ባለቤት የሌለውን ክፉ ማን ይገሥጸዋል? ይህን ጥያቄ ባሕር ተሻግሬም ይዤው መጥቻለሁ።

ዓመቱ ሳያልቅ እንጦጦ ይዘውን ወጡ። ባሕር ዛፉን ሰንጥቀው የሚወጡትን የእግር መንገዶች እያሳዩ «ይህን ማን ቀየሰው? መሐንዲስ? ማንም። አንዱ አቋረጠ፣ ሌላው ዱካውን ተከተለ፣ ሣሩ ሞተ፣ መንገድ ሆነ» ይላሉ። እየተከተልናቸው ከደብራችን የታችኛው በር ደረስን። የደብሩን ስም አልጽፈውም፤ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከበሩ እንደወጡ የድንጋይ ደረጃ አለ፤ ከደረጃው በታች መንገዱ በግንቡና በገደሉ መካከል ይጠብባል። ከላይ የሚመጣው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ የሚወርደው በዚያ ነው።

ቲቸር ጥጋቡ እዚያ ሲደርሱ ሳቃቸው ጠፋ። በእኛ ደብር ልማድ ከቅጥሩ ሲወጡ ለቤተ መቅደሱ ጀርባ አይሰጥም፤ ፊትን ወደ ውስጥ አድርጎ፣ እየሰገዱ፣ ወደ ኋላ እየተራመዱ ነው የሚወጣው። እኔም እንዲያ እያደረግኩ ነው ያደግኩት። ያን ቀንም አንዲት እናት ብቻዋን እየሰገደች ወደ ኋላ ስትወጣ አየናት። ተረከዟ ደረጃውን ፈለገ፣ አገኘው፣ ወረደች።

«አንድ ሰው ሲሆን ያምራል» አሉ ቲቸር። «ሺህ ሰው ወደማያየው ደረጃ በጀርባው ሲሄድ ግን… እዚህ ቦታ አንድ ቀን ሰው ያልቃል።»

«ኧረ ቲቸር፣ ምላስዎን ይንከሱ!» አለች አንዷ። እኔ አማተብኩ።

እሳቸው ተናግረው ዝም አላሉም። የሰበካ ጉባኤው ዘንድ ሄደው ሁለት ነገር ለመኑ፤ ከላይ በኩል ሌላ በር እንዲከፈት፣ እስኪከፈት ድረስም በንግሥ ቀን ደረጃው ላይ ሰው ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ እንዲወርድ እንዲነገር። የመጀመሪያውን «እናስብበታለን» ተባሉ። ሁለተኛው ነው ጉድ ያመጣው። ቅዳሜ «ጥጋቡ በደረጃው ዞራችሁ ውረዱ አለ» ተባለ። እሑድ «ለታቦት ጀርባ ስጡ አለ» ሆነ። ሳምንቱ ሳያልቅ «ታቦት ድንጋይ ነው፣ ሰውም ዝንጀሮ ነው ብሎ ልጆቹን ስግደት ከለከለ» ሆኖ እማዬ ጆሮ ደረሰ።

«አንቺ፣ ያ ሰውዬ እንዲህ አለ?»

«አላለም፣ እማዬ። እኔ እዚያው ነበርኩ።»

«አገር ሙሉ ይዋሻል?»

ማን አለ ብላችሁ ብትጠይቁ ሁሉም ከሌላ ሰው ነው የሰማው። ክፍል ውስጥ ብሩክ ወሬውን ለቲቸር ነገራቸው። ፈገግ አሉ፣ ፊታቸው ግን አመድ መስሎ ነበር። «ወሬም ትዋለዳለች» አሉ። «ከአፍ ወደ አፍ ስታልፍ ለስላሳዋ መንገድ ላይ ትሞታለች፣ አስፈሪዋ ትወልዳለች። ማንም አልዋሸም እኮ። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ነው የጨመረው።»

የራሳቸው የንስሐ አባት «ሕዝቡን ይቅርታ ጠይቅ» አሏቸው። «ያላልኩትን ምን ብዬ ይቅርታ ልጠይቅ፣ አባ?» አሉ። ካህኑ ተቀይመው ተለዩአቸው፤ እሳቸውም ሌላ የንስሐ አባት ሳይዙ ቀሩ። ዛሬ ለመጣው መከራ ሁሉ ሥሩ ይህ ነው።

የሚቀጥለው ንግሥ ላይ ከእማዬ ጋር ነበርን። ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ ሊበተን ሲል ደመናው ከእንጦጦ ጫፍ ወረደ፤ ወዲያው በረዶ መጣ። ሰው ነጠላውን ራሱ ላይ እያደረገ ወደ ታችኛው በር አለ። የገፋ ሰው አላየሁም። ሁሉም አንድ እርምጃ ብቻ ነው የተራመደው፤ ከበረዶው ለማምለጥ አንዲት እርምጃ። ፊት ያሉት ደግሞ ወደ ኋላ እየተራመዱ፣ እየሰገዱ ነው። አንዱ ደረጃውን ሳተ። ከዚያ በኋላ የእማዬን እጅ አጣሁት።

ግንቡ ጎኔን ያዘኝ። ነጠላዬ አንገቴ ላይ ጠበቀ። እግሬ መሬት ለቀቀ፤ ቆሜ ነበር፣ ግን በምንም ላይ አልቆምኩም። ፊቷ ፊቴ ላይ የተለጠፈ አንዲት ሴት «የኔ ልጅ፣ እስቲ ትንሽ ዞር በይልኝ» ትለኛለች፣ በትሕትና፣ ሠርግ ቤት ቦታ እንደሚለምን ሰው። መዞር አልቻልኩም። ዓይኗ ሲነጣ አየሁ። «አትግፉ! አትግፉ!» የሚል ጩኸት ከየአቅጣጫው አለ። ቲቸር «አትግፉ ሲባል እያንዳንዱ ሌላውን ነው ያሉት ይላል» ብለውን ነበር። እውነታቸውን ነው። እኔም የተናገሩት ሌላውን መስሎኝ ነበር። ትንፋሽ ለማስገባት ደረቴ ቦታ አጣ። ነፍሴን አደራ ልሰጥ ቃል ፈለግኩ፤ እሱም የለም።

ቀና ስል ቲቸርን ግንቡ ላይ ቆመው አየኋቸው። ንግሥ በመጣ ቁጥር እዚያ ነው የሚቆሙት። ኮታቸው በበረዶው ርሶ ተጣብቆባቸዋል፣ ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል። ሰው እንዲያ ፈርቶ አይቼ አላውቅም። መዳፋቸውን ከፍ አድርገው ደረታቸውን መቱ።

«እግዚኦ!»

ምት። ዝም። ደግሞ «እግዚኦ!»

እግዚኦታ የማያውቅ የእኛ ሰው የለም። አንድ ጊዜ ጥሪው፣ ከዚያ ለስግደቱ የሚሆን ዝምታ፣ ከዚያ እንደገና። በምሕላ ቀን እንዲያ ነው። ከግንቡ ሥር ያለ ዲያቆን ተቀበላቸው። ከዚያ ሴቶቹ። ከዚያ ከኋላ፣ ከማናየው ቦታ፣ የሕዝብ ድምፅ መጣ። «እግዚኦ» ሲባል ሰው ይሰግዳል፤ ለመስገድ ደግሞ ከፊቱ ቦታ ያስፈልገዋል፤ ቦታ ለማግኘት ከኋላ ያለው አንዲት እርምጃ ይመለሳል። ማንም ተመለሱ አላለም። አንዲት እርምጃ ልትገድለን ነበር፣ አንዲት እርምጃ ለቀቀችን። እግሬ መሬት ነካ። አየር ገባልኝ። ያቺ ሴት ትከሻዬ ላይ ወደቀችና አለቀሰች። ያን ቀን የሞተ ሰው የለም።

እማዬ ቤት እስክንደርስ «መልአኩ ነው፣ መልአኩ ነው» ስትል ነበር። «ጥጋቡስ?» ስላት «መልአኩ ያገኘውን ዕቃ ያነሣል» አለች።

ሰኞ ክፍል ውስጥ ስለ ነገሩ ስንጠይቃቸው ያሉት «ጭብጨባውን አስታውሱ» ብቻ ነው። ይህ ከበረዶው ይልቅ ወጋኝ። የአምላክን ስም እንደ ጭብጨባ ተጠቀሙበት ማለት ነው? ሁሉም እስኪወጣ ቆየሁ።

«ቲቸር፣ የዛን ዕለት ጸለዩ ነው ወይስ አጨበጨቡ?»

ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። መዳፋቸው ያን ቀን ጭናቸውን አልመታም። «አፌን ስከፍት ዘዴ ነበር፣ ሶስና። አልዋሽሽም። ሁለተኛውን ስል ግን የምጮኸው እኔ እንደሆንኩ እርግጠኛ አልነበርኩም። ድምፁ ከእነሱ ወደ እኔ ነው የመጣው ወይስ ከእኔ ወደ እነሱ… አላውቅም። እንዲያ ፈርቼም አላውቅም።»

«ሰውን ፈርተው?»

«ሰውንማ ሁልጊዜ እፈራለሁ» አሉና ተነሥተው መስኮቱን ከፈቱ።

ከአገር ከወጣሁ በኋላ ወሬያቸውን የምሰማው ከምሕረት ነው። ጡረታ ወጡ፤ ሌላው በር አልተከፈተም። በንግሥ ቀን ግን ማንም ሳይቀድማቸው መጥተው ግንቡ ላይ ይቆማሉ። ጎረምሶቹ «የተራራው ትራፊክ» ብለው ስም አወጡላቸው። «እባክዎ አባባ፣ ፍሬን ይያዙልን!» እያሉ ይሳለቁባቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ «አንተ ብቻ መሪህን ጠብቅ» ይሏቸዋል። ቅጥሩ ውስጥ አይገቡም፣ ከቅጥሩም አይርቁም። ግንቡ ላይ፣ በር ላይ።

የዘንድሮውን ከብዙ አፍ ነው የለቀምኩት፤ ወሬ ምን እንደሆነ ስላስተማሩኝ ሁሉንም በፍርሃት ነው የማነሣው። ዝናብ ነበር ይላሉ። ሕዝቡ ከድሮው በዝቶ ነበር፤ ከአያትና ከመሪ ሰፈር ሳይቀር መጥቷል። ከበሩ ውጭ ሻጮቹ ሞንታርቦ ከፍተው ነበር። ደረጃው ላይ ሰው ወደቀ። ቲቸር «እግዚኦ» ማለታቸውን ሁለት ሰው ነግሮኛል፤ ግን ከሞንታርቦው የተነሣ ከግንቡ ሥር ካሉት በቀር የሰማቸው የለም፤ የሰሙትም ብዙዎቹ ስልካቸውን ወደ ላይ ይዘው ይቀርጹ ነበር። አልተቀበሏቸውም። ያን ጊዜ ከግንቡ ወረዱ። አንዱ ተንሸራተው ነው ይላል። ሌላው ጎትተዋቸው ነው ይላል። አንዲት ሴት ደግሞ ለምሕረት «አይተው፣ አስበው፣ ኮታቸውን አውልቀው ነው የወረዱት» ብላታለች። ሕዝቡ ሲያልፍ የወደቁት ሁሉ ተነሡ። እሳቸው አልተነሡም።

ዕድሜ ልካቸውን ዳር የቆሙ ሰው መሐል ተገኙ። እኔን የሚያስፈራኝ ሞታቸው ብቻ አይደለም። ሲወርዱ ምን ሆነው ወረዱ? ዘዴያቸው አልቆ ተስፋ ቆርጠው? ወይስ ያ የድሮው ድምፅ ጠርቷቸው?

ይህን የምጠይቀው ለራሴ ብቻ ቢሆን ኖሮ በልቤ ይዤው እቀመጥ ነበር። ግን እትዬ አስካለ አሉ። እኅታቸው ናቸው፤ አብረው ነበር የሚኖሩት። ወንድማቸው የንስሐ አባት ስላልነበራቸው ያለ ፍትሐት ነው የተቀበሩት። አርባቸው እየደረሰ ነው፤ እትዬ አስካለ በየቀኑ ደብሩ ደጃፍ ይቀመጣሉ። እኔም ለንስሐ አባታችን ደወልኩላቸው፤ እኚያ «ለልባችሁ አትስጡት» ያሉን ናቸው፣ ዛሬ አርጅተዋል። የድሮውን ንግሥና ቲቸር የመለሱልኝን ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ ያ የድሮ ነው። ሰው የሚታየው በመጨረሻው ነው። እኔ ልቤ እንቢ አይልም፤ ግን ሕዝቡ ያንን ወሬ ይዞ ያጉረመርማል። ፈጣሪውን እየጠራ እንዳረፈ የሰማ አንድ ሰው ብቻ አምጡልኝ፣ እኔ ራሴ በዚህ ጉልበቴ ቆሜ እፈታዋለሁ።»

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው፤ ያን ዕለት ከታችኛው በር ለነበራችሁ።

በተለይ ለአንቺ፣ ሰማያዊ ጥለት ያለው ነጠላ ለለበስሽው። ራሳቸውን ጭንሽ ላይ አድርገሽ ነበር አሉ። ውኃ ያመጣላቸው የላዳ ሹፌርም፣ ወንድሜ፣ አንተም አንብበህ ከሆነ። አምቡላንሱ ሲመጣ ሁለታችሁም ሄዳችኋል፤ ስማችሁን የያዘ የለም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር ይባላል። ምን እንዳሉ ለእትዬ አስካለ ሄዳችሁ ንገሯቸው፤ ከደብሩ ደጃፍ አታጧቸውም። እኔን ለማጽናናት ብላችሁ፣ እሳቸውንም ለማስፈታት ብላችሁ አንዲት ቃል አትጨምሩ። ትንሽ ትንሽ መጨመር ምን እንደሚያደርግ አይተናል። «ተመለሱ፣ ተመለሱ» ብቻ ካሉም እንደዚያው ንገሩን። እፈራለሁ፣ ግን እሰማለሁ።

ምናልባት ቃል አልነበረም ትይኝ ይሆናል። እንግዲያስ እኅቴ፣ እጃቸውን አስታውሽልኝ። መዳፋቸው አንቺን ወይም መሬቱን ይመታ ነበር? ሲያስቡ የሚመቱትን እኔ አውቀዋለሁ፤ አያቋርጥም። አንድ ጊዜ ከመቱ በኋላ ዝም ይሉ ነበር? ሰው ሰግዶ የሚነሣበትን ያህል ዝም ብለው፣ ከዚያ እንደገና ይመቱ ነበር?